የኮሚኒቲ ቤት ከሕንፃ ይጀምራል ወይስ ከሥራ? የሃል ሃውስ አነሣስና አወዳደቅ

ጥያቄ፦ «በአንድ የአሜሪካ ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ነን። እድር አለን፤ ደህና ይሠራል። ከመዋጮው የተረፈ ገንዘብም አጠራቅመናል። አሁን የኮሚኒቲ ቤት ይኑረን ብለን ተነሣንና ሁለት ቦታ ተከፈልን። ግማሾቻችን ‹መጀመሪያ ሕንፃ እንግዛ፣ ሌላው ይደርሳል› እንላለን። ግማሾቻችን ደግሞ ‹መጀመሪያ ሥራ እንጀምር› እንላለን። በስብሰባው ላይ አንድ አባል የቺካጎውን ሃል ሃውስ እንደ ምሳሌ አነሣ። ይህ ቤት እንዴት ተቋቋመ? እንዴትስ አደገ? ለእኛ የሚሆን ነገር አለው? ልጆቻችንም ወደ ኮሚኒቲ አይመጡም፤ ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦

የተነሣላችሁ ምሳሌ ጥሩ ነው። ሃል ሃውስ የተማሩ ሴቶች በቺካጎ የድሃ መጤዎች ሰፈር ገብተው እየኖሩ ጎረቤቱን ያገለገሉበት ቤት ነው። ሶሻል ወርክ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም ሳስተምር ሁሌ የምመለስበት ቤት ነው። ችግሩ ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከጫፉ መሆኑ ነው። አሥራ ሦስት ሕንፃ፣ የኖቤል ሽልማት፣ ስመ ጥር ሴቶች ይባላል። ይህን የሰማ ሰው «እኛ የት፣ እነሱ የት!» ብሎ ይተወዋል። ለእናንተ ክርክር የሚጠቅመው ግን አጀማመሩና አዘጋጉ ነው። ስለዚህ እነዚህ ላይ እቆያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ። ሃል ሃውስ የጀመረው ከሥራ ነው፤ ሕንፃው ሥራውን ተከትሎ መጣ። በመጨረሻ የተዘጋውም ጣሪያ አጥቶ ሳይሆን የራሱ የሆነ የገቢ ምንጭ ስላልነበረው ነው። የእናንተ እድር ደግሞ እነሱ ያልነበራቸውን ነገር ይዟል። አሁን ወደ ዝርዝሩ ልግባ።

ሐሳቡ የተወለደው ለንደን ነው። በ1884 ሳሙኤል ባርኔት የሚባል ቄስና ባለቤቱ ሄንሪየታ በምሥራቅ ለንደን፣ ኋይትቻፕል በሚባል የድሃ ሰፈር፣ ቶይንቢ ሆል የተባለ ቤት ከፈቱ። ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ የወጡ ወጣቶች ምጽዋት ሰጥተው ከሚመለሱ እዚያው ሰፈር ገብተው ይኑሩ ነው ነገሩ። ጎረቤት ይሁኑ፣ ማታ ማታ ያስተምሩ፣ ድህነትን በወረቀት ሳይሆን በአጠገባቸው ይዩት። በኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ክሌመንት አትሊ እዚያ ሠርቷል። ለአገሪቱ የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት መሠረት የሆነውን ሐሳብ ያቀረበው ዊልያም ቤቨሪጅም እንዲሁ።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ቦው በሚባለው ሰፈር፣ እኛ የምናውቃት ሲልቪያ ፓንክረስት በ1915 ተመሳሳይ ነገር አድርጋለች። መጠጥ ቤት የነበረ ቤት ወስዳ የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክና የሕፃናት መዋያ አደረገችው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኑሮ ስለተወደደም በርካሽ ዋጋ ምግብ የሚያቀርብ ቤት ከፍታ ነበር። ለኢትዮጵያ የተሟገተችው፣ ኋላም አዲስ አበባ ኖራ በ1960 በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረችው እሷው ናት። አዲስ ሕንፃ እስኪሠራ አልጠበቀችም። በእጇ የገባውን መጠጥ ቤት ነው የለወጠችው።

ወደ ቺካጎ እንመለስ። በ1888 ጄን አዳምስ የምትባል የኢሊኖይ ሴት ቶይንቢ ሆልን ጎበኘች። ዕድሜዋ ሃያ ሰባት ነበር። አባቷ የወፍጮ ባለቤትና የኢሊኖይ ግዛት ሴናተር ነበሩ፤ ሲሞቱ ደህና ውርስ ተዉላት። ሕክምና ልትማር ጀምራ በሕመም አቋርጣለች። የተማረች፣ ገንዘብ ያላት፣ ግን ምን ልሥራ ብላ የተጨነቀች ወጣት ነበረች። ቶይንቢ ሆልን ስታይ ሥራዋን አገኘች። ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ከኤለን ጌትስ ስታር ጋር ቺካጎ ላይ እንሞክረው ተባባሉ።

የዚያን ጊዜዋ ቺካጎ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርባት ነበር። ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛው ያህል ወይ ራሱ ከውጭ የመጣ ወይ የመጤ ልጅ ነው። ሁለቱ ሴቶች የመረጡት ሰፈር የምዕራብ ቺካጎው አሥራ ዘጠነኛ ቀበሌ ነበር። ጣሊያኑ፣ ጀርመኑ፣ ግሪኩ፣ ቦሄሚያዊው፣ ከሩሲያና ከፖላንድ የመጣው አይሁድ፣ አየርላንዳዊው ሁሉ ተፋፍጎ የሚኖርበት ሰፈር ነው። ሃልስተድ ጎዳና ላይ ቻርልስ ሃል የሚባል ባለሀብት በ1856 ያሠራው አሮጌ ቪላ ነበር። ሲሠራ ከከተማ ውጭ ነበር፤ ከተማው መጥቶ ዋጠው። በአንድ በኩሉ የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት፣ በሌላው በኩል መጠጥ ቤት ነበር። ምድር ቤቱን ከጀርባው ያለ ፋብሪካ እንደ ቢሮና መጋዘን ይጠቀምበት ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቤቱን አልገዙትም። መጀመሪያ የተከራዩት ሁለተኛውን ፎቅና ከታች አንድ ትልቅ ሳሎን ብቻ ነው። ቤቱን የወረሰችው ሔለን ከልቨር ሥራቸውን ካየች በኋላ በሚቀጥለው ጸደይ ቤቱን በሙሉ ያለ ኪራይ ሰጠቻቸው። ቀድመው ሥራ ባያሳዩአት ኖሮ ይህን የምታደርግበት ምክንያት አልነበራትም።

መስከረም 18 ቀን 1889 ገቡ። ሦስት ነበሩ፦ አዳምስ፣ ስታርና የቤቱን ሥራ የምትመራው ሜሪ ካይዘር። የመጀመሪያው ሌሊት ከደስታቸው ብዛት በጎን በኩል ያለውን በር መቆለፍ ቀርቶ መዝጋቱንም ረስተውት አደሩ። ጠዋት ሲያዩ አንድ ዕቃ አልተነካም። የአዲሶቹን ጎረቤቶቻቸውን ታማኝነት የሚያሳይ ጥሩ ምስክር ሆነላቸው።

ሲገቡ ያሰቡት ሥነ ጽሑፍና ሥዕል ነበር። ግድግዳው ላይ ጥሩ ጥሩ ሥዕል ሰቀሉ፣ የልቦለድ ንባብ ምሽት አዘጋጁ። ሰዎች መጡ፤ ንባቡን ወደዱት። ግን የጎረቤቱ ጥያቄ ሌላ ነበር። አንዷ የታመመ ሰው አስታሙልኝ ትላለች፣ ሌላዋ አራስ ልጇን የሚያጥብላት ትፈልጋለች። አንዱ ሬሳ ለቀብር የሚያዘጋጅለት አጥቶ ይመጣል። እነዚህ የተማሩ ሴቶች ይህን ሁሉ አደረጉ። እዚህ ላይ የእኛ እድር ትዝ የማይለው አበሻ ያለ አይመስለኝም።

ልጆችን በተመለከተ ያጋጠማቸው ደግሞ ልብ ይሰብራል። በሰፈሩ መጀመሪያ ያገኟቸው ሦስት አካል ጉዳተኛ ልጆች ሁሉም ጉዳት የደረሰባቸው እናቶቻቸው ሥራ ላይ እያሉ ነው። አንዱ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ወድቋል። አንዱ ተቃጥሏል። ሦስተኛው ለሦስት ዓመት ቀኑን ሙሉ ከማዕድ ቤት ጠረጴዛ እግር ጋር እየታሰረ ስለዋለ አከርካሪው ጎብጧል። እኩለ ቀን ላይ ታላቅ ወንድሙ ከፋብሪካ ሮጦ መጥቶ ምሳውን እያካፈለው ለጥቂት ደቂቃ ይፈታው ነበር። እናቲቱ ክፉ ሆና አይደለም። ልጇ ከመስኮት እንዳይወድቅ ነው ያሰረችው። ሃል ሃውስ ሳሎኑን መዋዕለ ሕፃናት አደረገው፣ ከዚያም የሕፃናት መዋያ ከፈተ። ይህ ዕቅዳቸው ውስጥ አልነበረም። ችግሩ በራቸውን አንኳኩቶ ነው የመጣው።

በሁለተኛው ዓመት በሳምንት ሁለት ሺህ ያህል ሰው ይመላለስ ነበር። ሳሎኑ አልበቃ አለ። ያን ጊዜ ነው የመጀመሪያው ተጨማሪ ሕንፃ በ1891 የመጣው፤ ኤድዋርድ በትለር የሚባል ነጋዴ የሠራው የሥዕል ማሳያ ነው። በ1893 የቡና ቤትና ጂምናዚየም ተጨመረ። በ1899 የቲያትር አዳራሽ። በ1907 አሥራ ሦስት ሕንፃ ደረሰ። እንዲህ ስቆጥረው ቀላል ይመስላል፤ ግን ሥራ ጀምረው፣ ቦታ ሲጠባቸው ነው ለጋሽ ፍለጋ የሚወጡት። ለጋሹም ባዶ ተስፋ ሳይሆን በር ላይ የተሰለፈ ሰው ነው የሚያየው።

የቡና ቤቱን ነገር ትንሽ ልናገር፤ ለእናንተ ምግብና ቡና ዋና ጉዳይ መሆኑ አይቀርምና። ጥናት ሠርተው፣ የሰፈሩ ሰው የሚበላው የተመጣጠነ አይደለም ብለው፣ በሳይንስ የተለካ ርካሽና ገንቢ ምግብ ማብሰል ጀመሩ። ፋብሪካ ለሚውሉ ሴቶች ትኩስ ሾርባ፣ ወጥ፣ ዳቦ። ሰዉ ግን ብዙም አልገዛም። አንዲት ጎረቤት በግልጽ «ምግቡ ገንቢ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔ ግን መብላት የምፈልገው ደስ የሚለኝን ነው» አለቻቸው። እነሱም ገባቸው። ቦታው ግን ከሽፎ አልቀረም፤ ሰው እየተገናኘ የሚጫወትበት፣ ከመጠጥ ቤት ሌላ መሄጃ የሆነ ቤት ሆነ። በአንጻሩ ገላ መታጠቢያ ሲከፍቱ ሰው ተሻማ። ቤቱ ውስጥ ሻወር ያለው ጥቂት ስለነበር ማለት ነው። ያንን ይዘው ከተማውን ወጥረው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት በሰፈሩ አሠሩ። ለሰው የሚያስፈልገውን እኛ እናውቅለታለን ማለትና ሰው የጠየቀውን መስጠት ምን ያህል እንደሚለያዩ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ከሁሉም የምወደው የወጣት ሠራተኛ ሴቶች ቤት ታሪክ ነው። በአንድ የጫማ ፋብሪካ አድማ ጊዜ ሴቶቹ ሃል ሃውስ ተሰብስበው ሲነጋገሩ አንድ ነገር ወጣ። ቀድመው እጅ የሚሰጡት የቤት ኪራይ መክፈል የማይችሉት ናቸው። አንዷ «የራሳችን ማደሪያ ቢኖረን እኮ እንዲህ ባለ ጊዜ እንረዳዳ ነበር» አለች። ሃል ሃውስ የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ከፈለ፣ የቤት ዕቃ አዋሰ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ራሳቸው በየሳምንቱ እያዋጡ፣ ራሳቸው መሪ እየመረጡ አስተዳደሩት። ስሙም የጄን ክለብ ሆነ።

በኋላ ለዚህ ክለብ ሕንፃ ሲታሰብ አንድ ሀብታም ሃያ ሺህ ዶላር ልስጥ አለ። በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው። ሰውዬው ግን ሴት ሠራተኞቹን በዝቅተኛ ደመወዝ በማሠራት የታወቀ ነበር። አልተቀበሉትም። ሕንፃው ዘገየ፤ በሌላ ገንዘብ ተሠራ። ከማን ገንዘብ እንደምትቀበሉ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ከመጀመሪያው ጻፉት። ገንዘቡ ጠረጴዛ ላይ ከመጣ በኋላ መወያየት በጣም ከባድ ነው፤ ወዳጅነትም ይፈርሳል።

ቤቱ በአገር ደረጃ ስም ያወጣው ከጎረቤት ችግር ተነሥቶ ወደ ሕግ በመድረሱ ነው። በመጀመሪያው ገና ለልጆች ከረሜላ ሲያድሉ አንዳንድ ትንንሽ ልጃገረዶች አንፈልግም አሉ። ለምን ሲባሉ ከረሜላ ፋብሪካ እንሠራለን፣ ማየቱም ያንገሸግሸናል አሉ። ለስድስት ሳምንት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሠሩ ነበር የከረሙት። በ1891 ቤቱን የተቀላቀለችው ፍሎረንስ ኬሊ ነገሩን ይዛ ፋብሪካ ለፋብሪካ አጠናችው። በ1893 ኢሊኖይ ከአሥራ አራት ዓመት በታች ያለ ልጅ ፋብሪካ እንዳይሠራ የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ የመጀመሪያዋ የፋብሪካ ዋና ተቆጣጣሪም ኬሊ ራሷ ሆነች። የሴቶችን የሥራ ሰዓት በቀን ስምንት ያደረገውን የሕጉን ክፍል ፍርድ ቤት በ1895 ሻረው። በዚያው ዓመት የሰፈሩን ነዋሪ ደመወዝና ዘር ቤት በቤት የሚያሳይ ካርታ ከጥናት ጋር አሳተሙ። ጥቂት መንገዶች ላይ ብቻ የአሥራ ስምንት አገር ሰው ተቀላቅሎ ይኖር ነበር።

ቆሻሻውም እንዲሁ። የከተማው ቆሻሻ ሰብሳቢ ኮንትራክተሮች ሥራቸውን አይሠሩም ነበር። የቤቱ የሴቶች ማኅበር አባላት፣ ቀን የራሳቸውን ቤት ሥራ ሲሠሩ የዋሉ እናቶች፣ ማታ ማታ እየዞሩ መረመሩ። በሁለት ወር ውስጥ ለጤና መሥሪያ ቤት 1,037 የሕግ ጥሰት አስመዘገቡ። በ1895 አዳምስ ራሷ የቀበሌው የቆሻሻ ተቆጣጣሪ ሆና ተሾመች። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥታ ጋሪዎቹን ትከተል ነበር። ሌሎቹን በፍጥነት ልለፋቸው። ጁሊያ ላትሮፕ በ1912 የተቋቋመው የፌዴራል የሕፃናት ቢሮ የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነች። ሐኪሟ አሊስ ሃሚልተን በፋብሪካ መርዝ የሚመጣ በሽታን አጥንታ በ1919 የሃርቫርድ የመጀመሪያዋ ሴት መምህር ሆነች። አዳምስ በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ከሌላ ሰው ጋር ተጋርታ ወሰደች።

ግን ያልተሳካላቸውም ነበር፤ ለእድርተኛ ትልቅ ትርጉም ያለው ነው። የቀበሌው የከተማ ምክር ቤት ተወካይ ጆኒ ፓወርስ የሚባል ሙሰኛ ፖለቲከኛ ነበር። ሃል ሃውስ በ1896ና በ1898 ምርጫ ሊያስወርደው ተነሣ። ተሸነፈ። አዳምስ ለምን ብላ ስትመረምር መልሱን ቀብር ላይ አገኘችው። ሰውዬው የድሃውን ቀብር ወጪ ይሸፍናል። ሠርግ ላይ ይገኛል። ልጁ ለታሰረበት ዋስ ይሆናል፣ ለገና ተርኪ ያድላል። ሰዉ ሌብነቱን አላጣውም፤ ግን በሐዘኑ ቀን አጠገቡ የቆመውን አልረሳም። አዳምስ ይህን አልናቀችም፤ በጥሞና ጽፋበታለች። እኛ ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገንም። ጡሩንባ ሲነፋ የወጣ ጎረቤት፣ ድንኳን የተከለ፣ እስከ ሰልስት ያልተለየ ሰው ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። የእናንተ ማኅበር ይህን አመኔታ በእጁ ይዞ ነው የሚጀምረው። ሃል ሃውስ ዓመታት የፈጀበት ነገር ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙውን ወጪ የቻለችው አዳምስ ከውርሷ ነው። ቀጥሎ እንደ ሜሪ ሮዜት ስሚዝና ሉዊዝ ቦውን ያሉ ሀብታም ወዳጆቿ መጡ። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ሠራተኞች የራሳቸውን የምግብና የመኝታ ይከፍሉ ነበር። በ1895 ቦርድ ተቋቋመ። ጎረቤቱ ግን ተጠቃሚ እንጂ ባለቤት አልነበረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አዳምስ ጦርነቱን ስትቃወም አንዳንድ ለጋሾች ፊታቸውን አዞሩባት። በግንቦት 1935 ስትሞት ብዙው ድጋፍ በእሷ ስም የቆመ ስለነበር ቤቱ ከበደው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከተማው ያንን ሰፈር ለዩኒቨርሲቲ ግንባታ ፈለገው። ከጎረቤቶቹ አንዷ፣ በሃል ሃውስ ያደገችው ፍሎረንስ ስካላ፣ ሰልፍ መራች፣ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደች። አልሆነም። ከአሥራ ሦስቱ ሕንፃዎች የቀሩት ሁለት ናቸው፦ የጥንቱ ቪላና የመመገቢያ አዳራሹ። ዛሬ ሙዚየም ናቸው። ድርጅቱ ግን በከተማው ውስጥ ተበትኖ ሥራውን ቀጠለ፤ ሕንፃ ማጣቱ አልገደለውም። የገደለው ሌላ ነው። ከጊዜ ወደ ጊዜ አብዛኛው ገቢው የመንግሥት ገንዘብ ሆነ። ገንዘቡ ሲቀንስና ሲዘገይ የራሱ መዋጮ የለውም። በጥር 2012፣ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ ከስሮ ተዘጋ። ሠራተኞቹም ተበተኑ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ ነገር ግን ጎረቤቱ በወር ትንሽ ትንሽ እያዋጣ ድምፅ ያለው አባል ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ አነስተኛ ሆኖ ይቆይ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ለክርክራችሁ የእኔ ምክር ይህ ነው። ሕንፃ እንግዛ የሚሉትን ወገኖች አትናቋቸው። የራስ የሆነ ቦታ መፈለጋቸው ትክክል ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወደ ምግብ ቤት ጓዳ ሲንከራተቱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ግን ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ በሏቸው። መጀመሪያ ሰዓቱ የተወሰነ አንድ ሥራ ጀምሩ፤ በተዋሳችሁት ክፍልም ቢሆን። ቅዳሜ ጠዋት የልጆች የቤት ሥራ እገዛ ይሁን፣ የዜግነት ፈተና ዝግጅት ይሁን፣ ለእናቶችና ለአባቶች የኢንሹራንስና የመንግሥት ፎርም መሙላት ይሁን፣ ሰዉ ይምረጥ። ምን እንደሚያስፈልግ በስብሰባ አትጠይቁ፤ በስብሰባ የሚናገሩት ሁሌ እነዚያው ናቸው። ቤት ለቤት ሂዱ። በተለይ ማታ የሚሠሩትን፣ ገና የመጡትን፣ ልጅ ይዘው የሚውሉትን እናቶች ጠይቁ።

የእድሩን ገንዘብ ደግሞ አትንኩት። ይህን አጥብቄ የምለው ነው። እድሩ ለአባላቱ የገባው ቃል አለ፤ አስከሬን ወደ አገር ቤት መላክ ስንት እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ። ያ ገንዘብ ለቅድመ ክፍያ ከወጣ፣ በዚያው ወር ሁለት ሐዘን ቢደርስ፣ ቤቱም እድሩም አብረው ይጎዳሉ። ለኮሚኒቲ ቤቱ የተለየ የባንክ ሒሳብ፣ የተለየ መዋጮ፣ የተለየ ገንዘብ ያዥ ይኑረው። ቢቻል በሕግም የተለየ ድርጅት ይሁን። ፋይቭ-ኦ-ዋን-ሲ-ስሪ የሚባለውን የፌዴራል የግብር ነፃነት ወረቀት ስታገኙ የንብረት ግብሩም አብሮ የተሠረዘ አይምሰላችሁ። እሱ በየግዛቱ ሌላ ማመልከቻ አለው፤ ሕንፃ የገዙ ማኅበራት ብዙ ጊዜ የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው። ጣሪያው፣ ማሞቂያው፣ ኢንሹራንሱ፣ የበረዶ ጠረጋው ሁሉ ከግዢው ዋጋ ውጭ ነው።

ግራንት፣ ማለትም የማይመለስ የእርዳታ ገንዘብ፣ ቢገኝ ውሰዱ። ግን ለተጨማሪ ሥራ ብቻ አውሉት። ኪራዩ፣ መብራቱ፣ ኢንሹራንሱና በሩን የሚከፍተው ሰው ክፍያ ከአባላት መዋጮና ከአዳራሽ ኪራይ ይሁን። ያኔ ግራንቱ ቢቆም አንድ ክፍል ትዘጋላችሁ እንጂ በሩን አትዘጉም።

ስለ ልጆቹ። ሃል ሃውስ ውስጥ አንጀሊና የምትባል የጣሊያን ልጅ ነበረች። ምግብ ማብሰል ልትማር ትመጣ ነበር። እናቷም እዚያው ቤት የመጤዎቹ የእጅ ሥራ የሚታይበት ክፍል ውስጥ በእንዝርት ትፈትላለች። ልጅቷ ግን ከእናቷ ጋር በአንድ በር አትገባም ነበር። እናቷ ሻሽ ያሰረች፣ ጉርድ ቀሚስ የለበሰች የገጠር ሴት ናት፤ ከጓደኞቿ ፊት ታፍርባታለች። አንድ ምሽት ግን ከዩኒቨርሲቲ የመጡ እንግዶች እናቷን ከበው የእጇን ሥራ ሲያደንቁ አየች። ይቺ ሴት በአሜሪካ ካሉት ፈታዮች ሁሉ ሳትበልጥ አትቀርም ሲሉም ሰማች። ያን ምሽት እናቷን ስለ አገሯ፣ ስለ መንደሯ፣ ስለ ልጅነቷ መጠየቅ ጀመረች። ከዚያ በኋላ በአንድ በር ገቡ። ያ ክፍል የተከፈተው በ1900 ነው፤ አዳምስ ያሰበችው አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ በእንዝርት ስትፈትል አይታ ነው። የመጤው ልጅ ወላጁን ሲንቅ ታይ ነበርና፣ ወላጁ የሚያውቀውን ነገር ሰው ፊት ማውጣት ፈለገች።

እኛ ቤት ያለው ችግርም ይኸው ነው። ልጆቹን «ባህላችሁን ተማሩ» ብለን ወንበር ላይ እናስቀምጣቸዋለን። እናት ግን በልጇ ፊት ባለሙያ ሆና የምትታይበት ቦታ የለም፤ ልጁ የሚያያት እንግሊዝኛ ሲያቅታትና እሱን አስተርጓሚ ስታደርገው ብቻ ነው። ጥጥ የምትፈትል፣ ሰፌድ የምትሰፋ፣ ማሲንቆ የሚመታ፣ አናጺ፣ ልብስ ሰፊ፣ ቅኔ አዋቂ በመካከላችሁ አሉ። እነሱን ሌላ ዜጋም በሚገኝበት ቀን አስተማሪ አድርጋችሁ አቅርቧቸው። ልጆቹ ይዩአቸው።

ለወጣቶቹ ደግሞ የራሳቸውን ክፍል፣ የራሳቸውን ትንሽ በጀትና ቁልፍ ስጡ። ሃል ሃውስ የወጣት ክለቦቹ ራሳቸውን እንዲመሩ ያደርግ ነበር። በኋላ በዓለም የታወቀው የጃዝ ክላሪኔት ተጫዋች ቤኒ ጉድማን የዚያ ቤት የልጆች ባንድ ውስጥ የተጫወተ የድሃ መጤ ልጅ ነው። ለልጁ የሰጡት ባንድና አስተማሪ እንጂ ንግግር አልነበረም። በቦርዱ ላይም ሁለት ወጣት በሙሉ ድምፅ ይቀመጡ፤ ቃለ ጉባኤ እንዲጽፉ ብቻ አትጥሯቸው።

ለሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንድ የማግባቢያ ሐሳብ ልስጥና ላብቃ። የግዢውን ሐሳብ ውድቅ አታድርጉት፤ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጡለት። የሁለት ዓመት ሊዝ ተከራዩ። በሁለቱ ዓመታት ኪራዩ በሙሉ ከቤቱ መዋጮና ከአዳራሽ ገቢ ብቻ ከተከፈለ፣ ከእድሩ ሒሳብ አንድ ሳንቲም ሳይወጣ፣ ያኔ የግዢው ጥያቄ በራሱ ጊዜ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል ብላችሁ በቃለ ጉባኤ አስፍሩት። ገንዘብ ያዡ በየሦስት ወሩ ሒሳቡን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ለአባላት ይላክ። ሕንፃ ፈላጊዎቹ መዋጮ ለመሰብሰብ ምክንያት ያገኛሉ፤ ሥራ ፈላጊዎቹም በሚቀጥለው ወር በር ይከፍታሉ።